ስንዝር ምርቃት

ሞላሌ ገበያ ባና፣ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ፣ የሚገዛ ሰው ብቻውን አይመጣም። ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ባና በሜትር አይሸጥማ፤ በክንድ ነው የሚሸጠው፤ ክንድ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ ገዢው ከአማቾቹም ከጎረቤቶቹም መካከል እጁ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድለትን መርጦ፣ በሶ አብልቶ፣ አባብሎ ያመጣል። ሻጩም ሞኝ አይደለም፤ እጀ አጭር አጎቱን ጎኑ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ገበያ የዋለ ያውቀዋል።

ጋሽ ዳኜ ተገኘ ዘንድ ግን ይህ ጣጣ የለም። እሳቸው ባናውን የሚሠሩትም የሚለኩትም በገዛ ክንዳቸው ነው፤ ክንዳቸውን ደግሞ ከመሐል ሜዳ እስከ ዘመሮ ያለ ሰው ያምነዋል። ስምንት ክንድ ላዘዘ ስምንት ክንድ ይለካለታል፤ ከዚያ ጋሽ ዳኜ ጣቶቻቸውን ይዘረጉና አንድ ስንዝር ይጨምራሉ። «ይህቺ ደግሞ ምርቃቷ» ይላሉ። ያለ ምርቃት የወጣ ባና አያሞቅም ባይ ናቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ምርቃት ያጓደሉበት ሰው የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያቺ ሰው የገዛ ልጃቸው እፀገነት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እፀገነት ኮሌጅ ልትገባ በተነሣች ጠዋት የአባቷን ጉልበት ስትስም፣ እንደ ወጉ ምርቃት ጠብቃ ነበር። ጋሽ ዳኜ ግን ቀና አደረጓትና፣ «የኔን ምርቃት ለምረቃሽ ቀን አስቀምጬልሻለሁ። ካባሽን ለብሰሽ ስትመጪ ያን ቀን አፌ እስኪደርቅ እመርቅሻለሁ» አሏት። ለማበርታት ብለው ነበር። እሷ ግን ሁለተኛው ዓመት ላይ ውጤቷ አልበቃ ብሎ ተባረረች፤ ካባውን ሳትለብስ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአውቶቡስ ወረደች። ጋሽ ዳኜ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ፋሲካ አለፈ። በየፋሲካው ወንድሞቿ ጉልበት ስመው ተመርቀው ሲነሡ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ ግንባሯን ይስሟትና «እግዜር ያውቅልሻል» ብለው ዝም ይላሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጋሽ ዳኜ ቃላቸውን ማጠፍ አያውቁም። እሷም መርቁኝ ብላ መጠየቅ አልሆነላትም። ያቺን ያልወጣች ምርቃት ግን አንድም ቀን ረስታት አታውቅም።

እንዲያም ሆኖ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ወንድሟ የተወላትን አሮጌ ላፕቶፕ ጠራርጋ፣ ኢንተርኔቱን ከስልኳ እያገናኘች፣ ኮድ መጻፍ ጀመረች። አስተማሪዋ ያ አገር የሚያወራለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ እሷ «አጅሬ» ትለዋለች። አጅሬ አይሰለችም። አንዱን ጥያቄ አሥራ አንዴ ብትጠይቀው አሥራ አንዴም እንደ አዲስ ያስረዳታል። እንዲህ ያለ አስተማሪ ያን ጊዜ ባገኝ ኖሮ እያለች ትቆጫለች። መብራት ሲጠፋ ኮዱን በደብተር ትጽፋለች፤ ሲመጣ ትገለብጠዋለች። የመጀመሪያ ፕሮግራሟ ከአንድ እስከ አሥር ቆጥሮ በሥርዓቱ ያቆመ ዕለት ብቻዋን እልል አለች፤ ጎረቤቷ ሙሽራ የመጣ መስሏት ከቤቷ ወጥታ ነበር።

በዚህ መሐል የጋሽ ዳኜ ትእዛዝ መቀበል ተበላሸ። ስማቸው እየራቀ ሲሄድ ከዓለም ከተማም ከደብረ ብርሃንም ሰው እየደወለ ያዛል። እሳቸውም የሽመና መወርወሪያውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ፣ «እሺ፣ ስምንት ክንድ፣ ጥቁር፣ ገባኝ» ይላሉ። ይጻፉት እንጂ ሲባሉ «ራሴ ውስጥ አለ» ነው መልሳቸው። ራሳቸው ውስጥ ሠላሳ ሰው ገብቶ ተጋፋና ጥቁር ላዘዘው ነጭ ደረሰው፤ ለሠርግ የታዘዘው ባና ሠርጉ አልፎ፣ መልሱም አልፎ፣ ሙሽራዋ ስታረግዝ ደረሰ። በዚህ ጊዜ የባና ሠሪዎቹ ማኅበር ተሰበሰበ።

«ይህቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሣጥን ስትጎረጉር ከርማለች» አሉ እትዬ አዛለች። እትዬ አዛለች የፈታዮቹ አለቃ ናቸው፤ እንዝርታቸውም ምላሳቸውም አያርፍም። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።»

እፀገነት ይህንን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። በቴሌግራም ሰው ሲጽፍለት ራሱ መልሶ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ቦት የሚሉትን እሠራለሁ አለች። ገዢው ስንት ክንድ፣ ምን ቀለም፣ ለመቼ እንደሚፈልግ ይመርጣል፤ ቦቱ መዝግቦ ለሠሪው ያደርሳል። የማኅበሩ ሰው ሁሉ በየክንዱ እንዳይሠራ ደግሞ የአባቷን ክንድ በሜትር ለካች። ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ልክ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከእንግዲህ ለሠሪዎቹ የሚደርሳቸው ትእዛዝ በሜትር ይሆናል፤ የሁሉም ባና በጋሽ ዳኜ ክንድ ልክ ይወጣል።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ አባቷ።

«ራሴ ነኝ። ከአጅሬ ጋር።»

«ስትጨርሺ ወረቀት ይሰጥሻል?»

«አይሰጥም፣ አባባ።»

«የማያስመርቅ አስተማሪ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆየት ብለው ግን፣ «ይሁን፣ ሞክሪው። አንድ ነገር ብቻ፤ ምርቃቱ እንዳይቀር» አሉ።

እሷም በልቧ፣ ይህቺ ሥራ ካማረች ምናልባት የኔም ምርቃት ትወጣ ይሆናል አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እፀገነት ሥራውን ከሞላ ጎደል በራሷ ጻፈችና መጨረሻው ላይ ስትቸኩል የቀረውን ለአጅሬ ሰጠችው። «ትእዛዙ ሲያልቅ ምርቃት ጨምርበት። ያለ ምርቃት የወጣ ባና አያሞቅም» ብላ ጻፈችለት። አጅሬ በደስታ ብሎ ኮዱን ወዲያው አወረደላት። ሞከረችው። ስምንት ክንድ አዘዘች፤ በስተመጨረሻ እንዲህ የሚል መጣላት፦ «ትእዛዝዎ ደርሶናል። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ቤትዎ በበረከት ይሞላ። ባናው ያሙቅዎ።» ከሥሩ «አሜን» የሚል ቁልፍ አለ። ቁልፉን ስትጫነው «ይሁንልን» ይላል።

ሳቋ መጣ። ጨዋ ነው፣ ሳላዘው መረቀ ብላ ወደደችለት። ስንዝሯንም ደምሯታል ብላ አመነች። ኮዱን አላነበበችውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሁለት ሳምንት ሰባት ትእዛዝ ገባ። ሰባት ትእዛዝ፣ አንድም ያልተጋፋ፣ ቀለሙም ቀኑም የታወቀ። ጋሽ ዳኜ የመጀመሪያውን በስልካቸው አነበቡት፤ አራት ሜትር፣ ጥቁር፣ ዘመሮ ይላል።

«ምርቃቱስ?» አሉ።

«ገብቷል፣ አባባ። ሜትሩ ላይ ተደምሯል። የተጻፈውን ብቻ ይሥሩ።»

ጋሽ ዳኜ አራት ሜትሩን ሠርተው ሲጨርሱ ጣቶቻቸው በልማድ ተዘረጉ። ከዚያ የልጃቸውን ቃል አስበው መልሰው ሰበሰቧቸው። በክንዳቸው ሊለኩት ይችሉ ነበር፤ ግን ልጄን እንዳላመንኳት ይሆንብኛል ብለው ተዉት። ለእሳቸው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የገበያው ዕለት አቶ ዓምደ ሚካኤል ከዘመሮ ባናውን ሊወስድ መጣ። ልማድ ነውና ክንደ ረጅም አማቹን ገብረየሱስን አስከትሏል፤ ጋሽ ዳኜ ዘንድ ስለሆነ ግን አማችየው እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ጋሽ ዳኜ ሰው እያየ በክንዳቸው ይለኩ ጀመር። የተሰበሰበውም አብሯቸው ይቆጥራል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ጣቶቻቸውን ዘርግተው ምርቃቷን ሊሰፍሩ ሲሉ ባናው አለቀ። እጃቸው ምንም በሌለበት ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ጋሽ ዳኜ» አለ ዓምደ ሚካኤል ቀስ ብሎ፣ «ምርቃቱስ?»

በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ያልጠየቃቸው ጥያቄ ነው። ጋሽ ዳኜ የተጣጠፈ ጫፍ ይኖር እንደሆነ ባናውን አገላብጠው አዩት። የለም። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። አልተቆጡም፤ ያን ቀን ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአውቶቡስ ስትወርድ እንዳዩዋት ነው ያዩዋት።

እፀገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የበግ ጠጉር የተሞላ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ከፈተችና አጅሬን ምርቃቱ የታለ ብላ ጠየቀችው። እሱም ምንም ሳይደናገጥ፣ በእያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አለ፣ ይኸው ብሎ ዕድሜና ጤናውን ደረደረላት። ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቀድሞ ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር አነበበችው። ክንድ በሃምሳ ይባዛል፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ለነገሩ ከየት ይመጣል? የአባቷን ክንድ ለካች እንጂ ስንዝራቸውን መቼ ለካችና። ያልሰጡትን ቁጥር ማንም አይደምርም።

«አባባ» አለች። «ምርቃት ጨምር ስለው፣ መረቀ።»

«ምን አደረገ?»

«መረቀ፤ በቃል። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ አለ እንጂ ስንዝሯን አልጨመራትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላይ ነው የላክሁት።»

 ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት እትዬ አዛለች ናቸው። «እኔ ደግሞ ይሞክሩት ብለሽ ብትሰጪኝ፣ የየትኛው ቆሞስ ምርቃት ነው ብዬ ተነሥቼ ቆሜ ነው አሜን ያልኩት» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር።

ዓምደ ሚካኤልም ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኔማ እንዲደርስልኝ ብዬ ሁለቴ ነው የተጫንኩት።»

«እንግዲያው ስምንት ክንድ ከሁለት አሜን ገዝተሃል» አለ አማቹ፤ ረጅም እጁንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ዓምደ ሚካኤልን ጀርባውን መታ አደረገው። ያን ጊዜ ሳቁ ከባና ተራ ተነሥቶ ገብስ ተራ ደረሰ፤ የምን እንደሆነ ያልገባቸው ሁሉ ሳቁ።

ጋሽ ዳኜ ብቻ አልሳቁም። «ስንዝሯ ትደርስሃለች» አሉት ዓምደ ሚካኤልን። «ለሰባቱም ትደርሳለች።» ለልጃቸው ደግሞ፣ «ሠሪ ሥራውን ሳያገላብጥ አያወጣም። ማን ቢያግዝሽ አንቺ ነሽ የምታገላብጪው» አሏት። ቃላቸው ከበዳት፤ ግን ሠሪ ብለው እንደጠሯት ልብ ብላለች።

ባና አንዴ ከተቆረጠ አይረዝምም። ስለዚህ እትዬ አዛለችና ሴቶቹ ከጥቁርና ከነጭ ፈትል ስንዝር ስንዝር የምትሆን ጠርዝ አሠርተው በሰባቱም ጫፍ ላይ ሰፉባቸው። ጠርዟ ከባናው በልጣ አማረች። ዓምደ ሚካኤል ትከሻው ላይ ጥሎ ዘመሮ ሲገባ ያየው ሁሉ፣ ያቺን ባለ ምርቃቷን ስጡን እያለ ማዘዝ ያዘ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እፀገነት ደግሞ ሜትር ይዛ አባቷ ፊት ተቀመጠች። «ስንዝርዎን ይዘርጉልኝ።» ዘረጉላት። ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነች። ይህቺን መስመር ለአጅሬ አልሰጠችም፤ በገዛ እጇ ጻፈቻት፤ ክንዱ በሃምሳ ይባዛል፣ ሃያ ሁለት ይደመራል። ጋሽ ዳኜ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ።

«ምርቃቷ የቷ ናት?»

«ይህቺ።»

ጎንበስ ብለው ቁጥሯን በጣታቸው ነኳት። «አሥር ክንድ ለሚያዝም ስንዝር ብቻ ነው እንዴ? ለሱማ ግማሽ ክንድ ነው ወጉ።»

«እንዲህ ከሆነ ስንዝር፣ እንዲያ ከሆነ ግማሽ ክንድ ብዬ እጽፍለታለሁ» አለችና ጻፈችው። ሞከሩት፤ አሥር ክንድ ብለው አምስት ሜትር ከሃያ አምስት አወጣላቸው። ጋሽ ዳኜ ሦስቴ አስደገሟት፤ ሦስቴም አልሳተም።

«ታዲያ ይኼ ገበያ ነው እንጂ ምኑ ነው ኮምፒውተር» አሉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበረ። እሷ ግን ከሐፍረቷ የተነሣ ያንን በቃል የሚመርቀውን ነገር ከነቁልፉ ነቅላ ጣለችው።

ወር ሳይሞላ የጋሽ ዳኜ ስልክ ጮኸ። መምህርት ማዕረግ ናት፣ ከዓለም ከተማ፤ ሁለተኛ ባናዋን ማዘዟ ነው።

«ጋሽ ዳኜ፣ ምነው ምርቃቱን አስቀራችሁብን?»

ጋሽ ዳኜ ደነገጡ። «ኧረ በሥላሴ፣ ልጄ፣ ባናሽ ገና እጄ ላይ ነው፤ ስንዝሯም አለች፤ አሁን ለክቻታለሁ።»

«የስንዝሩን አይደለም። የቃሉን ነው። ያን ጊዜ እናቴ ቁልፉን ተጭና አሜን ብላ ውላ አደረች። ዛሬም ልትጫን ስልኩን ይዛ ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም። አሁን አኩርፋ ተቀምጣለች።»

ስልኩን ዘግተው ብዙ አሰቡ። «ሰው ሁለቱንም ነው የሚፈልገው ለካ» አሉ። «ግን እንዲያው የማንም ያልሆነ ምርቃት መላክ ደግ አይደለም። ምርቃት ከሰው አፍ ነው የሚወጣ።»

«እንግዲያው እርስዎ በድምፅዎ ይመርቁና እኔ ላስገባው» አለች እፀገነት።

በእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋሽ ዳኜ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እትዬ አዛለችም ይህ አያምልጠኝ ብለው መጥተዋል። እፀገነት ስልኳን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጋ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ዳኜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕድሜና ጤና...» ብለው አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቆሙ።

«አልሆነልኝም። ስልክ ጉልበት የለው፣ አይንበረከክ፤ ምኑን ልመርቀው። ምርቃት የሚቀበል ሰው ይፈልጋል» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ነይ፣ አንቺ ተንበርከኪ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ አልተመረቅሁም።»

«ቃሌን የማላውቅ ይመስልሻል? ሥራሽን አበላሽተሽ በአደባባይ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሻል። ራስሽ አገላብጠሽ አቅንተሻል። የኔን ስንዝር እኔ ብሞት እንኳ እንዳይጎድል አድርገሽ አኑረሻል። ይህ ካባ ካላስለበሰ ሌላ ምን ያስለብሳል? ነይ አልኩሽ።»

እፀገነት ስልኩን እንደያዘች ተንበረከከች። ጋሽ ዳኜ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። አራት ዓመት የተቆለፈው ተከፈተ።

«ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ። የጻፍሽው አይጥፋ፣ የቆጠርሽው አይጉደል። ቤትሽን እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ቤት ይባርክልሽ። ለሰው መብራት ያድርግሽ፤ መብራትም አይጥፋብሽ። የወደቅሽበት ይረሳ፣ የተነሣሽበት ይነገር። ስትጠሪ የሚሰማ፣ ስትሰጪ የሚበቃ ይሁንልሽ። ይኸው ዛሬ ተመረቅሽ።»

አሜን ልትል ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። እትዬ አዛለች እልልታውን ሲያቀልጡት ነው አሜን ያለችው። ያንን ሁሉ፣ እልልታውንም፣ የሚንቀጠቀጠውን አሜንዋንም ስልኩ ቀድቶታል፤ ማጥፋቱን ማን አስታውሶ።

ይኸው አሁን ሞላሌ ባና ያዘዘ ሁሉ ትእዛዙ ሲያልቅ ያንን ድምፅ ይሰማል፤ ከሥሩም አሜን የሚለው ቁልፍ ወደ ቦታው ተመልሷል። የመምህርት ማዕረግ እናት ታርቀዋል። ያኮረፈ ቢኖር አቶ ዓምደ ሚካኤል ነው። ሦስተኛ ባናውን ባዘዘ ማግሥት ደውሎ፣ «ጋሽ ዳኜ፣ እኔን እኮ ይስጥሽ፣ ይባርክልሽ እያላችሁ ነው የምትመርቁኝ። ወንድ ነኝ። እስቲ ለወንድ አድርጋችሁ ሌላ ቅዱልን» አላቸው።

«አልቀዳም» አሉ ጋሽ ዳኜ፤ እግራቸውም መወርወሪያቸውም ሥራ አላቋረጠም። «እሱ ለልጄ የወጣ ነው፤ ሙሉው የእሷ ነው። እናንተ የሚደርሳችሁ ስንዝሯ ናት።»